«ክረምት ሲሆን ይነዝራል»፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ በአርክ ብየዳ ላይ የደረሰ አደጋ የጉዳይ ጥናት

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ግንባታው ባልተጠናቀቀ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በነሐሴ ወር የበረንዳ መደገፊያ ብረት ሲበይዱ ከነበሩ ሠራተኞች መካከል አንድ የ19 ዓመት ረዳት ኤሌክትሪክ ይዞት ወደቀ። ወጣቱ በሕይወት ተርፏል። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ የቃጠሎ ቁስል ደርሶበታል፤ የክንዱና የደረቱ ጡንቻ ሕመምም ለሳምንታት አብሮት ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ አደጋው በምን መንገድ እንደ ደረሰ፣ ከጀርባው ምን እንደ ነበረና ከዚያ ወዲህ በወርክሾፑ ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ ያቀርባል። የሠራተኞቹ፣ የወርክሾፑም ሆነ የቤቱ ባለቤት ስም አልተጠቀሰም።

የወርክሾፑ ባለቤት ከዓመታት በፊት የብረታ ብረት ሥራ ያስተማርሁት ሰው ነው። በአደጋው ማግስት ደውሎ «መምህር፣ መጥተህ ማሽኑን እይልኝ፤ ልጁን ሊገድለው ነበር» ስላለኝ፣ ማሽኑም ሆነ ገመዶቹ ከቦታቸው ሳይነሱ ለማየት፣ በሥራው ላይ የነበሩትንም ሰዎች በየተራ ለማነጋገር ችያለሁ። ጉዳዩን በጽሑፍ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ ያገኘሁት በአንድ ምክንያት ነው። ከአደጋው በፊት በነበሩት ሳምንታት ሦስቱም ሠራተኞች ማሽኑ እንደሚነዝር ያውቁ ነበር። ረዳቱ ለዋናው በያጅ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነዝራል እኮ» ብሎ መናገሩን ሁለቱም አልካዱም። የተሰጠው መልስ «ክረምት ሲሆን ይነዝራል፣ ምን ይደረግ» የሚል ነበር። ይህ መልስ የአንድ ሰው ግድየለሽነት ተደርጎ መታየት የለበትም። በከተማዋ ዳርቻ በሚገኙ አብዛኞቹ የማውቃቸው ትንንሽ ወርክሾፖች መንዘር እንደ ሙያው ጠባይ፣ እንደ ጭስና እንደ ጥላሸት ይቆጠራል።

ወርክሾፑና ማሽኑ

ወርክሾፑ በአካባቢው እንዳሉት ብዙዎች በቆርቆሮ የተሠራ፣ ወለሉ ከፊሉ ሲሚንቶ ከፊሉ አፈር የሆነ ቤት ነው። በርና መስኮት፣ የግቢ በር፣ የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ ይሠራበታል። በዙሪያው አዳዲስ ቤቶች በብዛት ስለሚገነቡ ሥራ አይጠፋም፤ ከሥራው ግማሽ ያህሉ የሚከናወነውም በደንበኛው ቤት፣ ቱቦላሬውና ላሜራው ተጭኖ በተወሰደበት ቦታ ነው።

የብየዳ ማሽኑ በአገር ውስጥ ባለሙያ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ከላሜራ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በ220 ቮልት ይሠራል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ዋጋቸው ተመጣጣኝ፣ ጥገናቸውም ቀላል በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ያኖሩ ናቸውና በጅምላ መኮነናቸውን አልደግፍም። ይህኛው ግን በተሠራ ጊዜ የነበሩት ሁለት ጉድለቶች ከዓመታት አገልግሎት ጋር ብሰው ነበር። የመጀመሪያው፣ ከሶኬት ወደ ማሽኑ የሚመጣው ገመድ ባለ ሁለት መስመር ብቻ መሆኑ ነው፤ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመለስበት ሽቦ) አለው፣ የመሬት መስመር ግን የለውም። ሁለተኛው፣ ገመዱ ወደ ሣጥኑ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ መከላከያ ባለመኖሩ የላሜራው ስለት የገመዱን ሽፋን እየፋቀ ወደ መዳቡ መድረሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ የሚነክሰው መያዣ ነበር። የላይኛው መንጋጋው መከላከያ ተሰንጥቆ አንድ ጎኑ ወድቋል፤ በምትኩ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ናስትሮው በሙቀት ደጋግሞ ከመለብለቡ የተነሣ ጠቁሮና ተሰባብሮ ነበር። በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ደረቀ ቅጠል ተቀረፈና የጥፍር ስፋት ያለው ባዶ ነሐስ ብቅ አለ። የረዳቱ የቀኝ እጅ ቁስል ከዚህ ባዶ ቦታ ጋር በመጠንም በቅርጽም ይገጥም ነበር።

የዕለቱ ሥራ

በዕለቱ እስከ ቀትር ድረስ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አባራ። የቤቱ ባለቤት ለዘመን መለወጫ ቤተሰቡን ይዞ ለመግባት ስላሰበ ሥራው እንዲጠናቀቅለት አጥብቆ ጠይቋል፤ ሠራተኞቹም ቀኑ እንዳያልፍባቸው ፈልገዋል። የፎቁ በረንዳ ወለል ገና ንጣፍ ያልለበሰ ኮንክሪት ነበርና ውሃ ቋጥሯል።

ማሽኑ ምድር ቤት በረንዳው ሥር ተቀመጠ። የኤሌክትሮዱ ገመድ ፎቅ ድረስ ሲደርስ፣ ወደ ማሽኑ የሚመለሰው ገመድ ግን አጠረ። ስለዚህ መቆንጠጫውን መሬት ላይ በተጋደመ ፌሮ ላይ አስረው፣ የፌሮውን ሌላ ጫፍ ከደረጃው መደገፊያ ጋር አስነኩት፤ የደረጃው መደገፊያ ደግሞ ከበረንዳው ብረት ጋር አስቀድሞ ተበይዷል። በዚህ አሠራር አርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው ብልጭታ) ይለኮሳል፣ ብየዳውም ይይዛል፤ ከላይ ለሚያየው ሰው የጎደለ ነገር አይታየውም። ነገር ግን ደረጃው፣ የበረንዳው ብረትና በእርጥበት የራሰው ወለል ሁሉ ከማሽኑ አንደኛው ጫፍ ጋር ተገናኝተዋል። ረዳቱ የትም ቢቆምና ምንም ቢይዝ ከኤሌክትሪክ ዑደቱ አንደኛው ጫፍ ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ ሌላው ጫፍ በኤሌክትሮዱ መያዣ ላይ ነበር።

ዋናው በያጅ መሰላል ላይ ሆኖ ከላይ ያለውን መጋጠሚያ ሲበይድ፣ ረዳቱ ከሥር በነጥብ ብየዳ ብቻ የተያያዘውን ቋሚ ብረት በግራ እጁ ደግፎ ቆሟል። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ በግራ እጁ ላይ የራሰ የጨርቅ ጓንት ነበር። የቀኝ እጁን ጓንት ኤሌክትሮድ ለመቀየር አላመች ስላለው አውልቆታል። ኤሌክትሮዶቹ ፓኬታቸው ተከፍቶ የከረሙ በመሆናቸው እርጥበት ገብቷቸው ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ይጣበቁና ግማሽ ሳይደርሱ ይጣሉ ነበር። አንድ ኤሌክትሮድ ባለቀ ቁጥር በያጁ ከመሰላሉ ሳይወርድ መያዣውን ወደ ታች ያቀብላል፤ ረዳቱ ቁራጩን ነቅሎ አዲስ ተክሎ ይመልስለታል። አደጋው የደረሰው በዚህ ቅብብል ላይ ነው። ረዳቱ በግራ እጁ ብረቱን እንደ ያዘ በቀኝ ባዶ እጁ መያዣውን ናስትሮው በተበጠሰበት በኩል ጨበጠው።

በያጁ እንደ ነገረኝ፣ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ሲያየው በመጀመሪያ ብርድ የመታው መስሎት ነበር። ድምፅ አላሰማም። ከዚያ ከመሰላሉ ወርዶ ትከሻውን ሲይዘው እርሱንም ነዘረውና ወደ ኋላ ወረወረው፤ «አጥፉት!» ብሎ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ማሽኑ በመሰላሉ አቅራቢያም ሆነ በራሱ ሣጥን ላይ የሚሠራ ማጥፊያ አልነበረውም። ምድር ቤት የነበረው ዘበኛ ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። ረዳቱ ወደ ቤቱ ውስጥ በጀርባው ወደቀ። መደገፊያው ገና ስላልተጠናቀቀ በሌላ አቅጣጫ ቢወድቅ ኖሮ ከፎቁ ላይ ወደ ግንብ ፍርስራሽ ይወርድ ነበር።

ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ነበር፤ ትንፋሹ ግን አልተቋረጠም። የተሰበሰበው ጎረቤት ወተት አምጥቶ ሊያጠጣው ሲል ዘበኛው ከልክሏል፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ማንኛውንም ነገር መስጠት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ስለሚችል መከልከሉ ትክክል ነበር። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተወስዶ የልብ ምቱ በመሣሪያ እየታየ አድሯል። ልጁ ሲነቃ «ደኅና ነኝ፣ ወደ ቤት ውሰዱኝ» ብሎ ነበር። አለመስማታቸው መልካም ነው፤ ኤሌክትሪክ በደረቱ ያለፈ ሰው ቆሞ ቢሄድም እንኳ የልብ ምት መዛባትና የጡንቻ ጉዳት ዘግይቶ ሊታይበት ይችላል።

76 ቮልት ምን ያደርጋል

በማግስቱ ከሁሉም ሰው የሰማሁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «የብየዳው ገመድ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፣ እንዴት ሰው ይጥላል?» የማሽኑን ውጤት ሥራ ላይ ባልሆነበት ሁኔታ ስለካው 76 ቮልት አሳየኝ። በያጆች ዘንድ ያለው እምነት ከልምድ የመጣ ስለሆነ እንዲሁ ባዶ አይደለም። አርኩ እየነደደ ሳለ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ በአብዛኛው ከ20 እስከ 28 ቮልት ገደማ ነውና ብዙም አይሰማም። አርኩ በጠፋበት ቅጽበት ግን ማሽኑ ወደ ሙሉ ቮልቴጁ ይመለሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ አደጋው የሚበረታው ብልጭታው በሚታይበት ጊዜ ሳይሆን ሁሉም ሰው እፎይ በሚልበት፣ ኤሌክትሮድ በሚቀየርበትና ብረት በሚስተካከልበት ጊዜ ነው። ረዳቱም የሚሠራው በዚያው ጊዜ ነው፤ በያጁ ሲበይድ ረዳቱ ያርፋል፣ በያጁ ሲያርፍ ረዳቱ ሙሉ ቮልቴጅ የተሸከመውን መያዣ ይጨብጣል።

ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠን ነው። ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ከእጅ እስከ እጅ ብዙ ሺህ ኦም ተቃውሞ ሊኖረው ይችላል፤ ቆዳው በውሃና በላብ ሲርስ ግን ይህ ወደ አንድ ሺህ ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 76 ቮልት ለ1,000 ኦም ሲካፈል 76 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ኤሌክትሪክ 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ በደረት በኩል ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለፈ ልብ ደም መርጨት ትቶ ያለ ሥርዓት እንዲርገበገብ ሊያደርግ ይችላል። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ደረትን ያቋርጣል። ልጁ ለምን ድምፅ እንዳላሰማ፣ መያዣውንም ለምን እንዳልጣለው መልሱ ይኸው ነው፤ መጣል በፈቃዱ የሚሆን አልነበረም። እኔ እንደማምነው ያተረፈው በግራ እጁ ላይ የነበረው ጓንት፣ ምንም ቢርስ፣ የጨመረለት ጥቂት ተቃውሞና የዘበኛው ፍጥነት ነው።

አይኢሲ 60974-1 በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለብየዳ ማሽኖች የሥራ ፈት ቮልቴጅ (አርኩ ሳይነድ ያለው ቮልቴጅ) ወሰን ሲያስቀምጥ፣ በተለመደ ደረቅ ቦታ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እስከ 80 ቮልት ይፈቅዳል፤ በእርጥብ፣ በጠባብና በብረት በተከበበ ቦታ ግን ወሰኑን ወደ 48 ቮልት ያወርደዋል። የእኛ ማሽን ወርክሾፑ ውስጥ በበጋ ሲሠራ በዚህ ረገድ ከወሰኑ አላለፈም ማለት ነው። ያንኑ ማሽን ነሐሴ ላይ ውሃ በቋጠረ ኮንክሪት ላይ፣ ዙሪያውን በብረት ታጥሮ ለሚቆም ሰው ማብራት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ብሬከሩ ለምን አልወደቀም

የቤቱ ባለቤት በብሬከሩ ክፉኛ አዝኖ ነበር። «አዲስ ነው፣ ጥሩ ነው ተብሎ ነው የተገጠመው፤ ሰው ሲይዝ ካልወደቀ ምን ይሠራል?» አለኝ። ብሬከሩ ባለ 32 አምፔር ሲሆን ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም። ትራንስፎርመሩ በገመድ የማይገናኙ ሁለት ጥቅሎች አሉት፤ አንዱ ከቤቱ መስመር ኃይል ይቀበላል፣ ሌላው ለብየዳው ይሰጣል። በልጁ ሰውነት ያለፈው ኤሌክትሪክ ከሁለተኛው ጥቅል ወጥቶ በሁለት እጆቹ መካከል አልፎ ወደዚያው ጥቅል ተመልሷል። ይህ ሁሉ በቤቱ መስመር በኩል የሚታየው እንደ 26 ሚሊ አምፔር ጭማሪ ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ አምፖል የሚወስደውን ያህል ነው።

ብዙዎች ሊገነዘቡት የሚገባው ቀጣዩ ነጥብ ነው። አርሲዲ የሚባለውና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ብሬከር ቢኖርም በዚህ አደጋ ላይ አይቆርጥም ነበር። አርሲዲ የሚሠራው በፌዝ የሄደው በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ሳይተካከል ሲቀር፣ ማለትም ከፊሉ ወደ መሬት ሲፈስ ነው። እዚህ ግን በቤቱ መስመር በኩል የሄደውና የተመለሰው እኩል ነበር። በብየዳው በኩል ካለው አደጋ የሚያድነው የመያዣው መከላከያ፣ የእጁ ደረቅ ጓንት፣ የእግሩ ጫማ፣ የሥራ ፈት ቮልቴጁ ማነስና አጠገብ ያለ ማጥፊያ ነው። በቤቱ የብሬከር ሳጥን ላይ ያለ መሣሪያ ይህን ሊተካ አይችልም።

አርሲዲ አያስፈልግም እንዳይባል፣ የማሽኑን ሣጥን ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ሠራተኞቹን «የት ላይ ነው የሚነዝረው?» ብዬ ስጠይቃቸው አንዱ መያዣው ላይ፣ ሌላው ሣጥኑን ሲነካ ነው አለኝ። ሁለተኛው በያጅ ደግሞ «ሶኬቱን ገልብጠን ስንሰካው ይቀንሳል» አለ። ይህ ቀላል ንግግር ለእኔ ሙሉ ምርመራ ነበር። በተፋቀው ሽፋን በኩል አንደኛው ሽቦ ከላሜራው ጋር ይገናኛል፤ ሶኬቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሰካ ሣጥኑን የሚነካው ፌዙ፣ ሲገለበጥ ኒውትራሉ ነው። መንዘሩ ሲቀንስ ብልሽቱ እንደ ተስተካከለ ተቆጥሮ ሥራው ይቀጥል ነበር። በእውነቱ ግን ሣጥኑ ሙሉ 220 ቮልት ለመሸከም አንድ የሶኬት አሰካክ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ሣጥኑን የሚገፋ ሰው ከረዳቱ የከፋ ዕጣ ይገጥመው ነበር። እንዲህ ላለው ብልሽት ባለ ሦስት መስመር ገመድ፣ ከሣጥኑ ጋር የተያያዘ የመሬት መስመርና አርሲዲ ትክክለኛ መድኃኒት ናቸው። «ይነዝራል» የሚለው አንድ ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን ደብቆ ይዞ ነበርና፣ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም። የሚነዝረውን ቦታ በትክክል ጠይቆ መለየት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ፌሮን እንደ መመለሻ ገመድ መጠቀም ከዚህ ሌላም ጣጣ አለው። መጋጠሚያው ከላላ ይግላል፣ ይፈነጥቃልም፤ ኤሌክትሪኩም የቀለለውን መንገድ ፈልጎ በቤቱ የመሬት መስመር በኩል ሊመለስ ይችላል። ለብየዳ የሚፈሰው 100 አምፔር ገደማ ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። የዚያን ቤት መስመር ለማየት ጊዜ አልነበረኝምና የቤቱ ባለቤት በባለሙያ እንዲያስፈትሽ ነግሬዋለሁ።

አንድ ማስክ

ሦስት ሠራተኞች ያሉት ወርክሾፕ አንድ ማስክና አንድ የቆዳ ጓንት ነበረው። ሁለቱም በበያጁ ላይ ይሆናሉ፤ ረዳቱ አርኩ ሲለኮስ ፊቱን ያዞራል፣ ዓይኑንም ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ ብረት የደገፈ፣ ጨፍኖ መያዣ የተቀበለ ሰው የተበጠሰውን ናስትሮ ሊያይ አይችልም። ከዚህም በላይ በረንዳው አጠገብ ያለው ግድግዳ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር የአርኩ ጨረር እየነጠረ ይመለሳል፤ ፊት ማዞር ብዙም አይጠቅምም። ልጁ ከአደጋው በፊት በነበረው ሌሊት ዓይኑ አሸዋ እንደ ገባበት ሰው ሲቆረቁረውና ሲያለቅስ አድሮ፣ ድንች ቆርጦ ዓይኑ ላይ አድርጎ ነበር ወደ ሥራ የመጣው።

ይህ በበያጆች ዘንድ የታወቀ ሕመም የዓይን የላይኛው ስስ ሽፋን በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲቃጠል የሚመጣ ነው። ከተጋለጡ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ቆይቶ የሚጀምር በመሆኑ ሰው ሥራ ላይ እያለ አይሰማውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። ድንቹ ከቅዝቃዜው የተነሣ ያስታግስ ይሆናል፤ ያልታጠበ ነገር በቆሰለ ዓይን ላይ ማድረግ ግን ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ለሚበየደው የቱቦላሬ ሥራ ቁጥር 10 ወይም 11 ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ ይበቃል። እንቅልፍ ያጣና ዓይኑን መክፈት የሚያቅተው ረዳት ውሃ በቋጠረ ፎቅ ላይ መሰማራቱ ከአደጋው መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ እቆጥራለሁ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ግን ሁለቱን ነገሮች ጨርሶ አላገናኟቸውም ነበር።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ ነው። የወርክሾፑ ባለቤት «እኛ ትንሽ ነን፣ ውል የለንም» ብሎኝ ነበር፤ የወርክሾፑ ትንሽነትም ሆነ የተጻፈ ውል አለመኖሩ ይህን ግዴታ አያስቀርም። የሕክምናውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗል፤ ልጁ ሥራ ላይ ባልነበረበት ጊዜም ክፍያውን አላቋረጠበትም። ይህን ማድረጉ ሊመሰገንበት ይገባል።

ከአደጋው በኋላ

በመጀመሪያው ቀን ያለ ብዙ ወጪ የተስተካከለው ብዙ ነው። የተሰነጠቀው መያዣ ተጥሎ ሁለቱም መንጋጋዎቹ ሙሉ መከላከያ ባላቸው ተተካ። የመመለሻው ገመድ እንደ ኤሌክትሮዱ ገመድ ረዝሞ፣ መቆንጠጫው ከሚበየደው ብረት ላይ፣ ከብየዳው ቦታ አጠገብ እንዲነክስ ተደረገ። ወደ ማሽኑ የሚገባው ገመድ በባለ ሦስት መስመር ተለውጦ ሦስተኛው ከሣጥኑ ጋር በብሎን ታሰረ፤ በቀዳዳው ላይ ጎማ ተገጠመ፤ ሣጥኑ ላይ ማጥፊያ ገባ። ለረዳቱ ማስክ፣ የቆዳ ጓንትና ሶሉ ጎማ የሆነ ቦት ጫማ ተገዛ። እርጥብ ወለል ላይ ሲሠሩ የሚቆሙበት ከደረቅ ጣውላ የተሠራ መረማመጃም አዘጋጅተዋል።

ከሰዎች ጋር የተያያዘው ለውጥ ከዕቃው ይልቅ ከባድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኤሌክትሮድ የሚቀይረው የሚበይደው ሰው ራሱ ነው፣ መያዣ እየተቀባበሉ መቀየር የለም የሚለውን ደንብ ዋናው በያጅ ወዲያው ተቀብሏል፤ ሁለተኛው በያጅ ግን ከመሰላል መውረድ ጊዜ ያባክናል እያለ ለረጅም ጊዜ ተከራክሯል። በመጨረሻ የተስማሙት ኤሌክትሮዶቹ ደረቅ የሆኑ እንደሆነ የሚጣለው ስለሚያንስ መውረዱም እንደሚያንስ ከታየ በኋላ ነው። አሁን ኤሌክትሮዶቹ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጓንት ሲርስ የሚለወጥ ሁለተኛ ጥንድ ሊኖር እንደሚገባም ብናገር እስካሁን አልተገዛም፤ በዚህ ጉዳይ ባለቤቱን መጎትጎቴን አላቆምሁም።

ሠራተኞቹ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ምን እንደሚያደርጉ በተግባር ተለማምደዋል። አንዱ ሳይነካው በቀጥታ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል፤ ማጥፊያው ካልተገኘ ደረቅ ጣውላ ይዞ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ፣ ገመዱን ይገፋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማጥፊያው የት እንዳለ ሁሉም ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርገናል። ዘበኛው ሶኬቱ የት እንደ ተሰካ ማወቁ በአጋጣሚ ነበር፤ በዚያው ቀን ጠዋት ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሶኬት ሲፈልግ አይቶት ነው።

ሙሉ መልስ ያላገኘው የደንበኛ ቤት ጉዳይ ነው። በአካባቢው ግንባታ ላይ ያሉ ብዙ ቤቶች ሶኬታቸው ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው የመሬት መስመር የለም፤ ስለዚህ ባለ ሦስት መስመሩ ገመድ ብቻውን ዋጋ የለውም። የደረስንበት መፍትሔ ማሽኑ በሄደበት ሁሉ አርሲዲ የተገጠመበት የራሱ ሣጥንና መሬት ውስጥ የሚመታ የብረት ዘንግ አብሮ እንዲሄድ ነው። ዘንጉ ለብሬከር የሚበቃ ጥሩ መሬት ባያገኝ እንኳ ለአርሲዲ ይበቃል፤ ለንክኪ እንደ ወሰን የሚወሰደው 50 ቮልት ለ30 ሚሊ አምፔር ሲካፈል ከ1,600 ኦም በላይ ይሆናል፤ የዘንጉ ተቃውሞ ከዚህ ካነሰ አርሲዲው በጊዜ ይቆርጣል፣ የረጠበ አፈር ውስጥ የተመታ ተራ ዘንግም በአብዛኛው ከዚህ እጅግ ያነሰ ተቃውሞ ይኖረዋል። ይህ የሣጥኑን ብልሽት ይሸፍናል። ለብየዳው በኩል ግን ለደንበኛ ቤት ሥራ በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚሠራና አርኩ ሲጠፋ ቮልቴጁን ከ35 በታች የሚያወርድ መሣሪያ ያለው፣ ኢንቨርተር የሚባል የብየዳ ማሽን እንዲገዛ መክሬያለሁ። ባለቤቱ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። እስከዚያ ድረስ አሮጌው ማሽን እርጥበት ባለበት ጊዜ ከወርክሾፑ ደረቅ ወለል እንዳይወጣ፣ ወለል ላይ ውሃ ባለበት ቀን የደንበኛ ቤት ሥራ እንዳይቀበል ወስኗል፤ በዚህ ውሳኔ የተነሣ ጥቅምት ላይ ካፊያ በነበረበት ሳምንት አንድ የግቢ በር ሥራ ለሌላ ወርክሾፕ አልፎበታል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ የሣጥኑን የመሬት መስመር፣ የገመዶቹን ሽፋንና የሥራ ፈት ቮልቴጁን እንደ ገና ለክቼ እንዳሳየው ተስማምተናል፤ መለኪያውን ይዞ የሚያነበው ረዳቱ ነው።